የሕፃናት ትንታና የቤታችን ጥቃቅን ዕቃዎች

(በኮሙኒቲያችን የ10ኛ ዓመት ክብረ በዓል ላይ በታክሲ ሥራ በተሰማሩ አባላት ስም የቀረበ ንግግር)





በዛሬው ዕለት ስለ ታሪካችን፣ ስለ ቋንቋችንና ስለ ልጆቻችን የወደፊት ዕጣ ብዙ ቁም ነገር ተነግሯል። እኛም በታክሲ ሥራ የምንተዳደር አባላት የመናገር ተራ ሲደርሰን፣ ለመስማት ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን በአንድ ቤት ላይ ሲደርስ ሌላውን ጉዳይ ሁሉ የሚያስረሳ ርዕስ መርጠናል። ይኸውም ሕፃናት በቤት ውስጥ የሚያገኟቸውን ጥቃቅን ነገሮች ወደ አየር ቧንቧቸው ስለ መሳባቸው፣ በአማርኛችን ትንታ ስለምንለው አደጋ ነው። ከመካከላችን በአገር ቤት የዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ተቀምጠን ትምህርት የጀመርን አለን፤ ይሁን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። የምናቀርበው የሕክምና ባለሙያዎች የሚያስተምሩትን፣ ሌሊት በለንደን ጎዳና ላይ ከምናየው ጋር አያይዘን ነው።

እንደሚታወቀው ምግብና አየር የሚገቡት በአንድ አፍ ሲሆን፣ ጉሮሮ ላይ ሲደርሱ መንገዳቸው ይለያያል። ምግብ ወደ ሆድ፣ አየር በማንቁርት አልፎ ወደ ሳንባ ይሄዳል። በምንውጥበት ጊዜ የአየሩ በር ይዘጋል። ልጅ አፉ ውስጥ አንድ ነገር ይዞ ሲስቅ፣ ሲያለቅስ፣ ሲሮጥ ወይም ሲደነግጥ ግን ትንፋሹን በኃይል ወደ ውስጥ ይስባል፤ በሩ ክፍት ሆኖ ይገኛል፤ በአፉ ያለውም ነገር በተሳሳተው መንገድ ይገባል። የአዋቂ ሰው የአየር ቧንቧ አውራ ጣትን ያህል ሰፊ ሲሆን፣ የሕፃኑ ግን ከራሱ ከሕፃኑ ትንሿ ጣት ብዙም አይበልጥም። አዋቂውን ለአፍታ አስሎት የሚያልፍ ነገር ልጁን ሙሉ በሙሉ ሊዘጋው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ አደጋ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ከ1 እስከ 3 ዓመት ያሉት ልጆች ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ መሄድ ይጀምራል፤ ያገኘውን ሁሉ በአፉ ይመረምራል፤ የፊት ጥርሶቹ ይቆርጡለታል፣ የሚያደቅቁት የኋላ መንጋጋዎቹ ግን ገና አልተሟሉም። ስለዚህ ቆሎውን ለሁለት ይከፍለዋል እንጂ አይፈጨውም።

ቆሎን ያነሣነው በምክንያት ነው። በዚህ አገር ያሉ ሐኪሞች ለወላጆች የሚሰጡት ምክር ኦቾሎኒና ሌላም የለውዝ ዘር 5 ዓመት ላልሞላው ልጅ ሳይፈጭ እንዳይሰጥ የሚል ነው። ስለ እኛ ቆሎ፣ ስለ ሽምብራውና ስለ ሱፉ በስም የጻፈልን የለም፤ ቢሆንም ነገሩ አንድ ነው። ቡና በተፈላ ቁጥር ፈንዲሻው በሰፌድ ይመጣል፣ ቆሎው ይዞራል፣ እጣኑ በትንንሽ ፍሬ ይቀመጣል፣ ጥሬ ቡናውም ከመቆላቱ በፊት ይለቀማል። ይህ ሁሉ የሚሆነው መሬት ላይ፣ በእግሩ መሄድ በጀመረው ልጅ ቁመት ልክ ነው። እንግዳው ሲሄድ ከምንጣፉ ፀጉር ውስጥ የቀረችውን አንዲት ፍሬ እኛ አናያትም፤ በአራት እግሩ የሚድኸው ልጅ ግን ያገኛታል።

እህልና ጥራጥሬ ደግሞ ከፕላስቲክና ከብረት የሚለይበት አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ንፍሮ የቀቀለች እናት ሁሉ እንደምታውቀው፣ ማታ የተዘፈዘፈ ሽምብራ ጠዋት አብጦ ይገኛል። በሳንባ ቧንቧ ውስጥ የገባም እህል እንዲሁ እርጥበት እየጠጣ ያብጣል። ኦቾሎኒማ ዘይቱ የቧንቧውን ግድግዳ ይቆጣዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በግማሽ የዘጋ ነገር፣ ከቀናት በኋላ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል።

ከምግብ ውጪ ያለው ዝርዝርም ረጅም ነው። የሸሚዝ ቁልፍ፣ የሹሩባ ዶቃ፣ ጉትቻ፣ መርፌ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ቆርኪ፣ የእስክርቢቶ ክዳን፣ የታላቅ ወንድም የመጫወቻ ስብርባሪ። በልደት ቀን የምንሰቅለው ፊኛም ሳይቀር አለበት። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ለስላሳ ስለሆነ በጉሮሮ ላይ ተለጥፎ አየሩን ይዘጋል፤ በአውሮፓ በሚሸጥ የፊኛ ማሸጊያ ላይ 8 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ የተደረገው ስለዚህ ነው። የወይን ፍሬም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በስኮትላንድ የአበርዲን ሐኪሞች ሙሉ የወይን ፍሬ ስላነቃቸው ሦስት ልጆች ጽፈው፣ ከሦስቱ ሁለቱ እንደሞቱ ለሕዝብ አስታውቀዋል። ወይኑን በቁመቱ ለአራት መቁረጥ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ስለ ክቧ ባትሪ ለብቻው መናገር ይገባል። ሳንቲም የምትመስለው፣ በሪሞት፣ በመኪና ቁልፍና በሚዘፍን የልደት ካርድ ውስጥ የምትገኘው ባትሪ ብዙ ጊዜ የምትዋጥ እንጂ ወደ ሳንባ የምትሳብ አይደለችም። ሆኖም የምግብ ቧንቧ ላይ ከተቀረቀረች ከምራቅ ጋር ተገናኝታ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች። ልጅ እንዲህ ያለ ባትሪ ስለመዋጡ ጥርጣሬ ካለ፣ ደህና ቢመስልም እንኳ፣ እስኪያመው ሳይጠበቅ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።

ክቡራትና ክቡራን፤

ትንታ የሚያታልለው ከመጀመሪያው ሳል በኋላ በሚመጣው ጸጥታ ነው። ልጁ በድንገት ይታነቃል፣ ይስላል፣ ፊቱ ይቀላል፤ ከዚያ ይተወዋል። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ አለፈለት» ይላል። ነገር ግን የገባው ነገር ወርዶ በአንደኛው ሳንባ ቧንቧ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሳሉ ይመለሳል፤ ደረቱ ያፏጫል፤ ትኩሳትና የሳንባ ምች ይከተላል። ኤክስሬይ ቢነሣ ብረት ይታያል እንጂ ቆሎ ወይም ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም።

ከአባሎቻችን የአንዱ ልጅ ይህንኑ አልፏል። ሳሉ አልተወው ሲል አስም ነው ተብሎ የሚነፋ መድኃኒት ተሰጥቶት ሳምንታት ቆየ። በኋላ አያቱ ነገሩ የጀመረው ቡና በተፈላበት ቀን እንደ ነበር አስታውሰው ሲናገሩ፣ ሐኪሙ ወዲያው ሐሳቡን ለወጠ፤ ከሳንባውም የሽምብራ ክፋይ ወጣ። ልጁ ዛሬ ደህና ነው፤ ከዚህ አዳራሽ ውስጥም ይሯሯጣል። እኛ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። ሐኪሙ ያላየውን የምናውቀው እኛ ነን። «በዚህ ቀን፣ ይህን እየበላ ሳለ፣ በድንገት ትን አለው» የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከኤክስሬይ ትበልጣለች። ሐኪሙ ባይጠይቅም እንናገራት።

እዚህ ላይ ስለ እንጥል አንድ ቃል እንጨምር። በአገራችን ልጅ ሲያስለውና ትንፋሹ ሲያስቸግረው «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ እንጥል ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው። እንጥል ልጅን አያንቅም፤ መቁረጡ ግን ደም ማፍሰስና መመረዝ ያስከትላል። በአገራችንም በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ሰውን መጉዳትን በወንጀልነት ደንግጓል። ትንፋሹ የተቸገረ ልጅ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው።

ሐኪሙስ ምን ያደርጋል? እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ ጉስታቭ ኪሊያን የተባለ ሐኪም፣ ወደ አንድ ገበሬ የአየር ቧንቧ የገባ የዐጥንት ስባሪ በአፍ በኩል ባስገባው ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ አወጣ። ከእርሱ በኋላ በአሜሪካ የፊላደልፊያው ሼቫሊየር ጃክሰን ይህን ጥበብ አሻሽሎ ብዙ ሐኪሞችን አስተማረ። ጃክሰን በሕይወት ዘመኑ ከሰዎች፣ አብዛኛውንም ጊዜ ከሕፃናት፣ ጉሮሮና ሳንባ ያወጣቸው ከ2,000 በላይ ዕቃዎች ዛሬ በዚያው ከተማ በሙተር ሙዚየም በመሳቢያ ተደርድረው ይታያሉ። መርፌ ቁልፍ፣ ሚስማር፣ ሳንቲም፣ የመጫወቻ ዕቃ፣ የጥራጥሬ ፍሬ። መሳቢያዎቹን ያየ ሰው የራሱን ሳሎን ወለል ያየ ይመስለዋል። ጃክሰን ደረት ያፏጨ ሁሉ አስም እንዳልሆነ አበክሮ ያስተምር ነበር።

ዛሬም ሥራው የሚሠራው ልጁን በማደንዘዣ አስተኝቶ፣ ብሮንኮስኮፕ በሚባለው በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው። በለንደን ይህ በቅርብ ይገኛል። በአገራችን ግን መሣሪያውና ባለሙያው ያሉት በጥቂት ትላልቅ ሆስፒታሎች በመሆኑ፣ ከክፍለ ሀገር ልጁን ይዞ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ የሚመጣ ወላጅ አለ። የመንገዱን ርዝመት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በቅርብ ያለንን ዕድል በአግባቡ መጠቀም ይገባናል የምንለው ለዚህ ነው።

ሕግና ፋብሪካም ከዚህ አደጋ የተማሩት አለ። በተማሪነታችን ክዳኑን ስናኝክ የኖርነው ቢክ እስክርቢቶ ዛሬ በክዳኑ ጫፍ ላይ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው የተደረገው ክዳኑ ወደ አየር ቧንቧ ቢገባ ጥቂት አየር እንዲያሳልፍ ነው። መጫወቻም 3 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ከመሸጡ በፊት ስፋቱ 31.7 ሚሊሜትር በሆነ ቱቦ ይፈተናል፤ ክፍሎቹ በቱቦው ውስጥ ከገቡ ለዚያ ዕድሜ አይሸጥም። በማሸጊያ ላይ «0-3» ተብሎ በቀይ የተሰረዘ የልጅ ፊት ስታዩ ትርጉሙ «ለማነቅ የሚበቃ ትንሽ ነገር አለበት» ማለት ነው እንጂ «ልጁ ጎበዝ ካልሆነ አይገባውም» ማለት አይደለም። በቤትም የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ መጠቀም ይቻላል። በቱቦው ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከትንሽ ልጅ እጅ ይራቅ።

አሁን ወደ እኛ ሥራ እንምጣ።

አንድ ሌሊት ከመካከላችን አንዱ በሰሜን ለንደን ወደ አንዲት እናት ቤት ተጠራ። እናቲቱ ልጇን ታቅፋ ደጅ ላይ ቆማ «ቶሎ ወደ ሆስፒታል» አለችው። ልጁ ታንቆ ነበር። 999 ያልደወለችው እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላ ፈርታ ነው። ሹፌሩ መኪናውን ከማስነሣት ይልቅ ልጁን ተቀብሎ፣ በሥልጠና እንደ ተማረው ጀርባውን መታው፤ በአራተኛው ምት የሹሩባ ዶቃ ወጣ። ሹፌሩ ያንን ሥልጠና ባይወስድ ኖሮ፣ ያ ልጅ በኋላ ወንበር ላይ በትራፊክ መብራት መካከል ይቀር ነበር።

ስለዚህ እንደ ባለሙያ የምንለምናችሁ፣ ልጅ ሲታነቅ ታክሲ አትጥሩ። የታክሲ ሹፌር ሁለቱም እጁ መሪ ላይ ነው። 999 ደውሉ። ይህ ቁጥር በዓለም የመጀመሪያው የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በዚችው በለንደን ሥራ የጀመረ ነው። መነሻውም እ.ኤ.አ. በ1935 በዊምፖል መንገድ በአንድ ቤት ላይ በደረሰ እሳት አምስት ሴቶች በመሞታቸውና፣ ለእሳት አደጋ የደወለ ጎረቤት በስልክ ተራ በመያዙ የተነሣ ቁጣ ነው። ስትደውሉ «አምቡላንስ» በሉ፤ «ልጅ ታንቋል» የሚለውን በእንግሊዝኛ «ቤቢ ቾኪንግ» ብትሉ ይበቃል፤ አድራሻችሁንና የፖስት ኮዳችሁን ንገሩ፤ ካስፈለገ «አማርኛ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አምቡላንሱ እስኪደርስ ምን እንደምታደርጉ ይነግሯችኋል።

ብዙ ሰው ደግሞ የሕፃናት ሆስፒታል ስለሆነ ብቻ «ወደ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት» ይለናል። እ.ኤ.አ. በ1852 የተከፈተው ይህ ታላቅ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል የለውም፤ ሕሙማንን የሚቀበለው ከሌሎች ሐኪሞች ተመርተው ሲመጡ ነው። የድንገተኛ ክፍል ያላቸው እንደ ዩሲኤች፣ ዊቲንግተን፣ ሴንት ሜሪስ፣ ሴንት ቶማስ፣ ኪንግስ ኮሌጅና ሮያል ለንደን ያሉት ናቸው። ለቤታችሁ የሚቀርበውን ዛሬውኑ አጣርታችሁ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት።

አምቡላንስ ግን ክንፍ የለውም። በእንግሊዝ አገር ለሕይወት እጅግ አስጊ ለሆነ ጥሪ የተቀመጠው አማካይ የመድረሻ ጊዜ 7 ደቂቃ ነው። አንጎል ያለ አየር ከ4 ደቂቃ ገደማ በኋላ መጎዳት ይጀምራል። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው በቤት ውስጥ ያለው ሰው እጅ ብቻ ነው። ያ እጅ ምን ያድርግ?

ልጁ በኃይል የሚስል፣ የሚያለቅስ ወይም የሚናገር ከሆነ አየር አለው፤ እንዲስል አበረታቱት፣ ከአጠገቡም አትራቁ። ሳሉ ድምፅ ካጣ፣ ማልቀስና መተንፈስ ካቃተው ግን ጊዜ የለም። 1 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በጭናችሁ ላይ በሆዱ አስተኝታችሁ፣ ራሱን ደግፋችሁ ከሰውነቱ ዝቅ አድርጉት፤ በመዳፋችሁ ተረከዝ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል እስከ 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ በጀርባው ገልብጣችሁ የደረቱን መሃል እስከ 5 ጊዜ በኃይል ጫኑ። ከ1 ዓመት በላይ ለሆነው ልጅ ወደ ፊት አጎንብሶ ጀርባው ላይ 5 ጊዜ፣ ካልወጣም ከኋላው ሆናችሁ በእምብርቱና በደረቱ መካከል ጡጫችሁን ይዛችሁ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቡ። እስኪወጣ እየተፈራረቀ ይቀጥላል። 1 ዓመት ያልሞላውን ሆዱን ፈጽሞ አትጫኑ። የማታዩትን ነገር በጣት ለማውጣት አትሞክሩ፤ ጠልቆ ይገባል። ውሃ አታጠጡት፤ ዳቦ አታውጡት። ልጁ ራሱን ከሳተ በጠንካራ ወለል ላይ አስተኝታችሁ 999 የሚሏችሁን ወዲያው ፈጽሙ። ሆዱ የተጫነ ልጅ ነገሩ ቢወጣለትም ሐኪም ይየው።

ታላላቆቻችን «እኛን ማን እንዲህ ጠብቆ አሳደገን? ቆሎ እየቆረጠምን አይደለም ያደግነው?» ይሉናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን በአገር ቤት ልጁን የሚያይ ዓይን ብዙ ነበር። አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ። እዚህ አንዲት እናት በአሥረኛ ፎቅ ላይ ለብቻዋ ወጥ ታማስላለች፤ አባት በሌሊት ሥራ ላይ ነው። ባህላችንን እንተው አንልም። ቡናው ይፈላ፣ ፈንዲሻው ይበተን። ልጁ ግን ከሰፌዱ ይራቅ፤ ጉርሻውም በልጁ አፍ ልክ ይሁን፤ ሲበላም ተቀምጦ ይብላ።

በመጨረሻም ለጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ማኅበራችን ከብሪቲሽ ሬድ ክሮስ ወይም ከሴንት ጆን አምቡላንስ ጋር ተነጋግሮ በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ የሕፃናት የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና በአማርኛ አስተርጓሚ ያዘጋጅ፤ የእጅ አቀማመጥ በወሬ አይለመድምና። ሁለተኛ፣ በእንቁጣጣሽና በገና በዓላችን ቆሎና ፈንዲሻ በከፍታ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ፤ ፊኛም ከሕፃናት ክፍል ይውጣ፤ ቡናው ሲያበቃ ወለሉ ይጠረግ። ሦስተኛ፣ ለአዲስ እናቶች ሁሉ ይህን የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ ይታደል። የማተሚያውን ወጪ እኛ ሹፌሮች አዋጥተን እንችላለን፤ የሥልጠናውንም ቀን ታላላቆቻችንን ከየቤታቸው ያለ ክፍያ እናመላልሳለን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ያለፉትን 10 ዓመታት ያቆመን ይህ መረዳዳት ነው። የሚቀጥሉትን ዓመታት የሚረከቡን ልጆች ግን ዛሬ ከጠረጴዛው ሥር በጉልበታቸው እየዳኹ ናቸው። ስለዚህ ማታ ወደየቤታችን ስንገባ፣ ከመተኛታችን በፊት፣ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለን ምንጣፋችንን በእነርሱ ቁመት እንመልከተው።